ለአሜሪካ ገዥ ያደረግነው ዱዓ

በሕይወቴ ድምፅ ሰጥቼ አላውቅም። ሆኖም በአንድ ምርጫ የእኔን ያህል የተጨነቀ ሰው መኖሩን እጠራጠራለሁ። ምርጫው ጭሮ ወይም ሌላ የሐረርጌ ከተማ የተደረገ እንዳይመስላችሁ። አሜሪካ ነው፤ በደቡብ በኩል ባለ አንድ ስቴት፣ ገዥ ለመምረጥ። የስቴቱን ስም ዛሬም መስማት ስለማልወድ አልጽፈውም። ሕዝቡ ምንም አልበደለኝም። ተመራጩም ቢሆን፣ ዘሃራ የምትባል ልብስ ሰፊ ምዕራብ ሐረርጌ ውስጥ መኖሯን ሳያውቅ ነው ጉዴን ያወጣው።

ያኔ ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ትንሽ ቀርቶኝ ነበር። የቦኬ ገበሬ ልጅ ነኝ። ጭሮ የገባሁት ለጀማል ተድሬ ነው። በተጋባን በሁለተኛው ዓመት ጀማል በደቡብ አፍሪካ አድርጎ፣ ብራዚል ዞሮ፣ ጫካ አቋርጦ አሜሪካ ገባ። ልጅ አልወለድንም። እኔ ከእናቱ ከአዮ ፋጡማ ጋር ቀረሁ። ብዙም ሳይቆይ ደም ግፊት ጣላትና ግማሽ ጎኗ ሽባ ሆነ። ከዚያ ወዲያ የማጥባት እኔ፣ የማጎርሳት እኔ፣ አልጋ ላይ ቁስል እንዳይወጣባት በየጊዜው ጎኗን የማዞራት እኔ ነበርኩ። በመሐል ስታንቀላፋ መናኸሪያው አጠገብ ካለ ጨርቃ ጨርቅ ሱቅ በረንዳ ላይ በስፌት መኪናዬ እሠራለሁ። አማቴን «አለች» እያልኩ ስጽፍ ባለጌ እንዳትሉኝ። በአካል «እርስዎ» ነበር የምላት። ለምን እንደተውኩት ትደርሱበታላችሁ።

የጀማል ታናሽ ወንድም አብዲ ከመቻራ ቡና እየሰበሰበ ይነግዳል። በወር አንዴ ብርቱካን ይዞ ይመጣና የእናቱን ግንባር ስሞ ይሄዳል። ሰፈሩም «ማሻአላህ፣ ልጅ ማለት እንዲህ ነው!» ይላል። አንሶላውን የምታጥበዋን ሴትዮ ማንም ማሻአላህ አላላትም።

አባቴ አንድ ቀን ለገበያ መጥቶ በረንዳዬ ላይ ተቀመጠ። «ያ ዘሃራ፣» አለኝ፣ «ባል እንዲህ ርቆ ሲቀር ሴት ቃዲ ዘንድ ሄዳ ኒካዋን ማስፈታት ትችላለች። አንቺ ደግሞ ገና ልትወልጂ የምትችይ ነሽ። ጉዳዩን ልያዝልሽ?»

«አባ፣ ትንሽ ቆይ» አልኩት። «ምርጫው ይለፍ።»

ምርጫውን የነገረኝ ጀማል ነው። አርብ አርብ ከጁምዓ በኋላ ይደውላል። መቼ ነው የምትወስደኝ ባልኩት ቁጥር ይለዋወጥ የነበረው ምክንያት በመጨረሻ አንድ ላይ ረጋ።

«ዘሃራ፣ ጉዳይሽ ያለው ገዥው እጅ ላይ ነው» አለኝ። «አሁን ያለው ክፉ ነው፣ ፋይላችንን ይዞብናል። በኅዳር ምርጫ አለ። ሁለት ሰዎች ይወዳደራሉ። አንዱ ረዥም ነው፣ ስደተኛ ይወዳል። እሱ ከተመረጠ በወሩ ትመጫለሽ። ሌላኛው ከተመረጠ ግን ሌላ አራት ዓመት መጠበቅ ነው።»

«አራት ዓመት? ጀማል፣ እኔ እኮ መውለድ እፈልጋለሁ!»

«ምን ላድርግ? የእነሱ ሕግ ነው። ዱዓ አድርጊ።»

አሁን ይህን የምታነቡ «እንዴት ይህን ታምናለች?» ትሉ ይሆናል። እኛ ጋ የዞን አስተዳዳሪ ሲቀየር የበር ዘበኛው ሳይቀር ይቀየራል። ለዓመት የታሰረ ጉዳይ በአዲሱ ሰውዬ አንድ ፊርማ ያልቃል፤ ያለቀ ጉዳይም ይታሰራል። የአሜሪካ ገዥ ደግሞ ከዞን አስተዳዳሪ ያንሳል ብዬ እንዴት ላስብ? ጎረቤታችን ጋሽ ታደሰ፣ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ አስተማሪ፣ አንድ ቀን ሊያርሙኝ ሞከሩ። «ልጄ፣ ቪዛ የማዕከላዊው መንግሥት ጉዳይ ነው። የስቴት ገዥ መንገዱንና ትምህርት ቤቱን ነው የሚያየው» አሉኝ። ተቀየምኳቸው። ልጃቸው ጀርመን ሄዶ ስለረሳቸው ቀንተውብኝ ነው ብዬ ሰላምታ ነፈግኳቸው።

ደግሞ ያመንኩት እኔ ብቻ አልነበርኩም። ሰፈሩ በሙሉ ምርጫውን የራሱ አድርጎት ነበር። የባጃጅ ሹፌሮች ሲያልፉ «ዘሃራ፣ ረዥሙ እንዴት ነው?» ይሉኛል። ጫት ነጋዴዎቹ በርጫ ላይ፣ ጫት እየቃሙ፣ ለሁለት ተከፍለው ይከራከራሉ። ወሬው ግን ጥሩ አልነበረም። ከጋሽ ታደሰ ቴሌቪዥን የሚመጣው ሁሉ ረዥሙ አይቀናውም የሚል ነበር። እኔ ምሳ መብላት አቃተኝ። የደንበኛ ቀሚስ አንገት አጥብቤ ሰፍቼ እንደገና ፈታሁ።

በመጨረሻ ዱዓ ላስደርግ ወሰንኩ። እኛ ጋ ከባድ ጉዳይ ያለበት ሰው ሽማግሌ ጠርቶ፣ ጫት አቅርቦ፣ አብልቶ ያስመርቃል። ጉዞ ላለበት፣ ፍርድ ቤት ለቆመ፣ ልጅ ለምትሻ ይደረጋል። ለአሜሪካ ገዥ ግን ከእኔ በፊት ያስደረገ ያለ አይመስለኝም። ፍየሉን አባቴ ከቦኬ ላከልኝ። ጫቱን የገዛሁት እኔ ነኝ፤ ሩዙንም እኔ። አብዲን ሳማክረው አየት አደረገኝና «ጥሩ ሐሳብ ነው፣ እኔም እገኛለሁ» አለ።

የምርጫው ቀን ማክሰኞ ነበር። ከዙህር ሶላት በኋላ ወንዶቹ ሳሎናችን ምንጣፍ ላይ ክብ ሠርተው ተቀመጡ። ሼህ ያሲን መሐል፣ አብዲ በቀኛቸው፣ ጎረቤታችን ጫት ነጋዴው ሙሜ በግራቸው። እኔ ሳሎኑን ከአዮ ፋጡማ አልጋ የሚለየው መጋረጃ አጠገብ ቆሜያለሁ።

«እሺ ዘሃራ፣» አሉ ሼህ ያሲን ጫቱን ይዘው፣ «ለማን ነው የምንለምነው?»

«ለረዥሙ ሰውዬ፣ ሼኼ።»

«ስም የለውም?»

ጀማል እንዳስጠናኝ ጠራሁት። ወንዶቹ ተቀባበሉት፤ የአንዱ ከሌላው አልገጥም አለ፤ ሳቁ። ሼህ ያሲንም ፈገግ አሉ።

«አላህ የሰውየውን ስም ከእኛ ይልቅ ያውቀዋል። እኛ የምንለምነው የዚህችን ልጅ ጉዳይ ነው። ያ ረቢ፣ ሹመቱን ለሚያዝንላት ስጠው! ከባሏ አገናኛት! ልጅ አሳቅፋት!»

«አሚን!» አለ ቤቱ። ከሁሉም ጎልቶ የተሰማው የአብዲ አሚን ነበር። ሙሜም መዳፉን ወደ ላይ ዘርግቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ አሚን አለ።

እኔ እያለቀስኩ መጋረጃውን ገለጥ አድርጌ አማቴን አየኋት። ደህነኛው እጇ ብርድ ልብስ ውስጥ ነበር።

«አዮ፣ እርስዎስ አሚን አይሉም?»

«እጄን በረደኝ» አለች።

እኔ ሞኟ ሌላ ብርድ ልብስ ደረብኩላት።

ረቡዕ ጠዋት ጋሽ ታደሰ ቤት ሄድኩ። ኩርፊያዬን ረስቼው ነበር፤ እሳቸውም እንዳልተኮረፉ ሆነው አስገቡኝ። ሦስት ጎረቤት ሴቶች ተከትለውኛል። ጋሽ ታደሰ ጋቢ ደርበው፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጠዋል።

«ያልተጠበቀ ነገር ነው» አሉ። «ጋዜጠኞቹ ራሳቸው ደንግጠዋል።»

«ምን ሆነ? ጋሽ ታደሰ፣ ምን ሆነ?»

«ረዥሙ አሸነፈ።»

ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። ቴሌቪዥኑ ላይ ተሸናፊው ሚስቱን አቅፎ ሲናገር ይታያል፤ ሚስቱ እንባዋን ትጠርጋለች። አዘንኩላት። አላህ ያሳያችሁ፣ በዚያች ሰዓት የማዝንለት ሰው ፍለጋ አሜሪካ ድረስ ሄጃለሁ። ጋሽ ታደሰ አንድ ነገር ሊሉኝ አፋቸውን ከፈቱና ፊቴን ሲያዩ ተዉት። «እንግዲህ ይቅናሽ ልጄ» ብቻ አሉኝ።

ለጀማል ደወልኩ። ጠርቶ ተዘጋ። ደገምኩ፤ ጠርቶ ተዘጋ። ከዚያ ወዲያ ጭራሽ አልጠራም። እነሱ ጋ ሌሊት ነው፣ በደስታ ሲጨፍር አምሽቶ ደክሞት ነው ብዬ ለራሴ ሳቅኩ።

ሳቄ ሳይበርድ መናኸሪያ ሄድኩና፣ በረንዳዬን ለረዥም ጊዜ ስትመኝ ለነበረች ሌላ ልብስ ሰፊ ቦታውን ለቀቅኩላት። የስፌት መኪናዬን ባጃጅ ላይ አስጭኜ ወደ ቤት መለስኩ። መንገድ ላይ ያገኘኝ ሁሉ ይጨብጠኛል። «አትርሺን! ሽቶ ላኪልን!» ይሉኛል። እኔም የማላውቀውን ሰው ሁሉ እሺ እላለሁ።

ቤት ገብቼ አማቴ አልጋ ጫፍ ላይ ተንበረከክሁ።

«አዮ! ረዥሙ አሸነፈ!»

«አሸነፈ?»

«ወላሂ አሸነፈ!»

«እኔንስ ማን ያዞረኛል?» አለች።

«አብዲ ጥሩ ሰው ይቀጥርልዎታል። እኔም እዚያ ሆኜ በየቀኑ እደውላለሁ።»

ለቅሶዋን ለቀቀችው። ስለምትወደኝ መስሎኝ ራሷን ሳምኩ። በዚያ ሁሉ እንባ ውስጥ ለእኔ የፈሰሰ አንድ ጠብታ እንዳልነበረ ያወቅኩት የዚያኑ ዕለት ነው።

አብዲ ከዱዓው በኋላ ተመልሶበት ከነበረው ከመቻራ፣ ከሰዓት በኋላ አቧራ ለብሶ ደረሰ። ያለ ወትሮው ብርቱካን አልያዘም። ሳሎን ተቀመጠና በጥርሱ መሐል የቀረውን ጫት በምላሱ እየፈለገ አየኝ።

«አብዲ፣ ወንድምህ ስልኩን ዘጋብኝ። አንተ አግኝተኸዋል?»

«ጠዋት ደውሎልኛል።»

«አልሃምዱሊላህ! ምን አለ? ወረቀቱ መቼ ይደርሳል?»

ሳቀ። ያፈረ ሰው ሳቅ አልነበረም፤ ካርታ ተጫውቶ የተበላ ሰው ሳቅ ነበር።

«አቦ፣ ይኼ ሰውዬ ጉድ ሠራን!» አለ።

«የቱ ሰውዬ?»

«ረዥሙ ነዋ! አያሸንፍም ተብሎ እኮ ነው ጀማል እሱን የመረጠልሽ።»

አልገባኝም። ፊቱን አየሁት፤ የሚቀልድ አይመስልም።

«ቢሸነፍ ኖሮ አራት ዓመት ትጠብቂ ነበር» አለ፣ ለሕፃን እንደሚያስረዳ ቀስ ብሎ። «አዮ ደግሞ አራት ዓመት የምትቆይ አልመሰለንም።»

ይህን የተናገረው እናቱ ከመጋረጃው ወዲያ እየሰማች ነው። ድምፁን እንኳ ዝቅ አላደረገም።

«አብዲ፣ ምንድን ነው የምትለው?»

«ጀማል ፈቶሻል፣ ዘሃራ። ሁለት ዓመት አልፎታል። በስልክ ነው የፈታሽ፤ እኔና ሙሜ ምስክር ነን። እዚያ አግብቷል። ሴት ልጅም ወልዷል።» ትከሻውን ነቀነቀ። «ጠዋት ደውሎ፣ በቃ ምክንያት አለቀብኝ፣ አንተው ንገራት አለኝ። ምን ላድርግ?»

«ማን ያውቃል?» አልኩ።

«እኛ ነን።»

«እናንተ እነማን?»

በአገጩ ወደ መጋረጃው አመለከተ።

መጋረጃውን ገለጥኩት። ጠዋት ያጠብኩት ፊቷ፣ እኔ ያበጠርኩት ፀጉሯ፣ እኔ የለወጥኩላት ሻሽ። «አዮ፣ ያውቁ ነበር?»

ወደ ግድግዳው ዞረች። ሙሉ በሙሉ መዞር ስለማትችል ግማሽ ፊቷ እኔ ጋ ቀረ።

«ብነግርሽ ትሄጃለሽ» አለች።

ተሳስቼአለሁ የለ፣ ልጄ የለ። ሁለት ዓመት ሙሉ የማትዛመደኝን ሴት ሰገራ ስጠርግ፣ የሌላ ሴት ባል በየአርቡ «ዱዓ አድርጊ» ሲለኝ፣ የእሷ መልስ ይኼው ነው።

«አሁን ለምን ታለቅሻለሽ?» አለ አብዲ ከኋላዬ። «በልተሻል፣ ጠጥተሻል፣ ማን መታሽ? ከፈለግሽ ደግሞ መቆየት ትችያለሽ። አዮ ለምዳሻለች። ደሞዝ እንቆርጥልሻለን።»

ይህን ተናግሮ ሳይጨርስ የግቢው በር ተከፈተ። የሰፈሩ ሴቶች በትሪ ሐልዋና ለስላሳ ይዘው፣ እልል እያሉ፣ «እንኳን ደስ አለሽ!» ሊሉኝ ገቡ። እኔ እየጮህኩ ነበር። መጀመሪያ የደስታ ጩኸት መስሏቸው እልልታቸውን ጨመሩ። አንዷ አቅፋ ስታሽከረክረኝ ነው ፊቴን ያየችው። ሐልዋው በትሪው ላይ እንዳለ እልልታው ቆመ። አብዲ ተነስቶ፣ ሴቶቹን በትህትና ሰላም ብሎ፣ ከትሪው አንድ ቁራጭ አንስቶ እየበላ ወጣ።

በማግሥቱ ጠዋት ሼህ ያሲን ዘንድ ሄድኩ። መስጊዱ ደጃፍ ላይ የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። እጃቸው ላይ ያለው መቁጠሪያ ቆመ።

«ሼኼ፣ እኔ ሳልሰማ ይቆጠራል?»

«ቃሉ ከወጣ ይቆጠራል፣ ልጄ። የመጠበቂያ ጊዜሽ፣ ዒዳሽም ካለቀ ቆይቷል።»

«ታዲያ እኔ ሁለት ዓመት ምን ነበርኩ?»

«ምስክሮቹ እነማን ናቸው?» አሉ።

«ባለፈው በቀኝዎና በግራዎ የነበሩት።»

ሼህ ያሲን ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ። «አሚን ሲሉ ሰምቻለሁ» አሉ። «በአላህ ስም አሚን ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።» ከዚያ ወዲያ ከሁለቱ ጋር በአንድ ዱዓ ላይ ተቀምጠው አያውቁም ይባላል። ለሙሜ ግን ጫቱ እንደ ወትሮው ይሸጥለታል፤ አብዲም ዛሬ ሁለተኛ መኪና ገዝቷል። ግፍ የሠራ ሁሉ ወዲያው ሲከፍል የሚያሳይ ታሪክ ፈልጋችሁ ከሆነ እኔ ጋ የለም።

ልብሴን በአንድ ሻንጣ ከትቼ፣ የስፌት መኪናዬን ወደ ቦኬ ለሚሄድ አይሱዙ ሹፌር አስረክቤ፣ ቁልፉን ልተው ቤት ተመለስኩ። በሩ ላይ እንደቆምኩ ድምፅዋ ከመጋረጃው ወዲያ መጣ። እንደ ሁልጊዜው ነበር፤ ምንም እንዳልተፈጠረ።

«ዘሃራ፣ ጎኔን አዙሪኝ።»

እጄ ሊሄድ ተነሳ። እውነቴን ነው፤ ጭንቅላቴ ሳያዘው እጄ ተነሳ። መልሼ ያዝኩት።

«ልጅሽን ጥሪው» አልኳት። እርስዎ ማለት እዚያ ላይ ቆመ። ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ ጥዬ ወጣሁ። ግቢውን እስክወጣ ድረስ ስሜን ስትጠራ እሰማ ነበር።

ቦኬ አባቴ ቤት ለወራት ከሰው ተደብቄ ተቀመጥኩ። ጭሮ ተመልሼ ሌላ ቦታ ስከራይ የከተማው ሥራ ፈት «የረዥሙ ሙሽራ» የሚል ስም አውጥቶልኝ ጠበቀኝ። ዱዓዬ ላይ ፍየሌን በልተው የተመረቁ ሰዎች ሳይቀሩ ሳቁብኝ። መጀመሪያ አለቅስ ነበር። ኋላ መሳደብ ተማርኩ፤ ጥሩ ተሳዳቢ ወጣኝ። አሁን የሚደፍረኝ የለም።

ያ ረቡዕ ምን ለወጠብሽ ብትሉኝ፣ ደግ ነሽ መባልን እንድፈራ አድርጎኛል። አንድ ሰው «አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠን ነበር» ሲለኝ በደንብ አየዋለሁ። እናንተም ሴት ልጃችሁን ለውጭ አገር ሰው የዳራችሁ አባቶች፣ በዓመት አንዴ እየሄዳችሁ ኒካዋ ቆሞ እንደሆነ የባሏን ቤተሰብ ፊት ለፊት ጠይቁ፤ ታላቋንም ታናሹንም፣ አልጋ ላይ የተኛችውንም። ነውር ነው ይሏችኋል፤ ይበሉ። የእኔ አባት ቃዲ ዘንድ ልያዝልሽ ብሎኝ ነበር፤ ምርጫው ይለፍ ብዬ ያስቆምኩት እኔ ነኝ። ዛሬ ሠላሳ ስድስት ዓመቴ ነው። አላገባሁም፣ አልወለድኩም። ይህን ስጽፍ እንኳ ንዴቱ አልበረደልኝም።

አዮ ፋጡማ ቶሎ አልሞተችም፤ ሁሉም ከጠበቁት በላይ ኖረች። ያረፈችው አምና ነው። የዚያን ቀን ጠዋት ሱቄ ውስጥ ለአንዲት ሙሽራ ቀሚስ እየለካሁ ነበር። አብዲ በሩ ላይ ቆመ። ከዚያ ረቡዕ ወዲህ ቃል ተነጋግረን አናውቅም ነበር።

«አዮ ሌሊት አርፋለች» አለ። «ኢናሊላሂ» አልኩ፤ ለማንም ይባላል።

«ኑዛዜ ትታለች። ገላዬን ከዘሃራ በቀር ማንም እንዳያጥበኝ ብላለች። ሴቶቹ እየጠበቁሽ ነው። ጀናዛው እንዳይዘገይ፣ አሁን ተነሺ።»

ሜትሩን አንገቴ ላይ አደረግኩት። አምስት ዓመት ሙሉ፣ ለራሴ እንኳ ሳልናገር፣ ከዚያ ቤት አንድ ቃል ስጠብቅ እንደነበር የገባኝ ያኔ ነው።

«አውፍ በዪኝ ብላለች?» አልኩት።

«እህ?»

«ስትናዘዝ። ዘሃራ አውፍ ትበለኝ፣ ይቅር ትበለኝ ብላለች ወይ?»

አብዲ አሰበ። በደንብ ለማስታወስ ሞከረ፤ ይህን አልክድበትም። ሊዋሸኝም ይችል ነበር፣ እኔም እሄድለት ነበር፤ ግን ለእኔ መዋሸት ከዚያ ወዲያ የሚያስፈልገው ነገር አልመሰለውም።

«እንደሱ አላለችም» አለ። «እጇ ለስላሳ ነው፣ አያሳምምም፣ ነው ያለችው።»

ወደ ሙሽራይቱ ዞርኩ። ክንዷን ከፍ እንድታደርግ ነገርኳትና ልኬቴን ቀጠልኩ።